ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር በእግር

ከድሬ ዳዋ ወደ አዲስ አበባ ስነሳ እናቴ የሰጠችኝ አደራ አንድ ብቻ ነበር። «ትግላችን ሐውልት ሂድና የዚያን ኩባ ፎቶ ፈልግልኝ።» ስሙን አታውቀውም። በ1970 ዓ.ም. ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት ሊያግዙን መጥተው ሰፈራቸው አጠገብ ከሰፈሩት የኩባ ወታደሮች አንዱ በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ ሰጥቷት፣ አያቴ «የምን ሥጋ እንደሆነ ማን ያውቃል!» ብላ ወርውራባታለች። እማዬ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

ጉዳዬን ጨርሼ ግማሽ ቀን ስለተረፈኝ፣ ከማዘጋጃ ቤት ተነስቼ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ተያያዝኩት። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ እንደ ድሮው ከሊስትሮና ከታክሲ ወረፋ ጋር መጋፋት የለም።

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ በሴባስቶፖል አምሳል የተሠራው መድፍ ተቀምጧል። ዋናው ያለው መቅደላ ነው። እኔ እዚህ ስደርስ ትዝ የሚሉኝ ከንጉሡ ይልቅ ዝሆኖቹ ናቸው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን አስፈታለሁ ብሎ ሲመጣ 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከህንድ የተጫኑ 44 ዝሆኖች አስከትሎ ነበር። የለንደን ፓርላማ መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ ሒሳቡ ሲዘጋ 9 ሚሊዮን ሊሞላ ምንም አልቀረው። የአገሬው ሰው የሚቀበለው ማርያ ቴሬዛን ብቻ ስለነበር ጥሬ ብሩ እንኳ ከቪየና ተገዝቶ መጣ። ይህ ሁሉ ወጥቶ እንግሊዝ አንድ ጋሻ መሬት አልያዘችም። የገዛችው መፈራትን ነው። መጻሕፍቱንና ታቦታቱን ግን ጭና ሄደች፤ ስትወጣም መንገድ ላልዘጉባት ለደጃዝማች ካሣ መድፍና ጠመንጃ ትታላቸዋለች። ካሣ በአራተኛው ዓመት አፄ ዮሐንስ ሆኑ።

መንገዱ ራሱ በቸርችል ስም መጠራቱ የሌላ ሒሳብ ማስታወሻ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት እንግሊዝ አግዛናለች፤ አልክድም። በማግስቱ በ1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠች፤ አማካሪዎቿን በየመሥሪያ ቤቱ አስቀመጠች፤ ኦጋዴንንም በእጇ አቆየች። የመጨረሻው ቁራሽ፣ ሐውድ፣ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው። የእማዬ ጦርነት የተነሳው በዚያው መሬት ላይ ነው።

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ቆሟል። ቀይ ኮከቡ ከሩቅ ይታያል። ሰሜን ኮሪያዎች የሠሩት፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የተመረቀ ነው፤ ያኔ ወሎና ትግራይ ረሃብ ሰው ይጨርስ ነበር። ጥበቃው ቦርሳዬን በረበረና «ዘመድ አለህ እንዴ እዚህ?» አለኝ። የእማዬን ነገር ስነግረው ሳቀ።

ፎቶዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ከሃያዎቹ ዕድሜ ያለፉ አይመስሉም። አንዱ ሊስቅ ሲል ፎቶ አንሺው «ዝም በል» ያለው ይመስላል፤ ከንፈሩ ሊፈነዳ ደርሷል። በኢትዮጵያ የሞቱት ኩባውያን 160 ያህል ናቸው። ስኳር አምርታ የምታድር ደሴት ከ10 ሺህ በላይ ወታደር እስከዚህ ድረስ ስትልክ ምን ፈልጋ ነው? ካስትሮ ያመነበት ነገር ነበር፤ የሞስኮ ተላላኪ ብቻ ብሎ ማለፍ እኔ አይዋጥልኝም። የሞስኮ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። የሶማሊያውን መሪ ዚያድ ባሬን እስከ አፍንጫው ያስታጠቁት ራሳቸው ሶቪየቶች ነበሩ። በርበራ ላይ የጦር ሰፈር ነበራቸው። እኛን ደግሞ ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት ጀምሮ ያስታጠቀችን አሜሪካ ናት፤ የምትፈልገው አስመራ ያለውን የቃኘው የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያ ነበር። ሳተላይት መጣ፣ ጣቢያው ዋጋ አጣ፣ ፍቅሩም ቀዘቀዘ። ከዚያ እንደ ዳማ ጠጠር ቦታ ተለዋወጡ፦ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ ሶቪየቶችን አባረረች፤ ወደ እኛ በአየርና በባሕር የጎረፈው መሣሪያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይገመታል። ጅግጅጋ የካቲት 26 ተመለሰች። በርበራንም ሁለት ዓመት አልፎ አሜሪካኖች ተረከቧት።

መሣሪያው ስጦታ ይመስለኝ ነበር። በዱቤ ነው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ዕዳው ወደ ሩሲያ ዞረ፤ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነበር፤ አብዛኛው የተሰረዘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ኩባዎቹን እዚህ ያዘዘው ጄኔራል አርናልዶ ኦቾዋም፣ የመጨረሻዎቹ ወታደሮች ከኢትዮጵያ በወጡበት በ1981 ዓ.ም. አገሩ ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ክስ ተረሽኗል። የእሱ ፎቶ እዚህ ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ግን ፈለግኩት።

ሃያ ያህል ፊቶች አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላትና ወደ ለገሃር ወረድኩ። የይሁዳ አንበሳ ፊት ለፊት ማኪያቶ አዘዝኩ። ይህንን አንበሳ ጣሊያኖች ሮም ወስደውት ነበር፤ ዛሬ ጀርባ የሚሰጠው የድሮው ባቡር ጣቢያ ደግሞ ወደ ድሬ ተሳፋሪ መላክ ካቆመ ቆይቷል።

እማዬ ደወለች።

«ሦስተኛውን አጉልተህ ላክልኝ።»

አጉልቼ ላክሁ። ቆየች።

«እሱ ይመስለኛል። ግን ያኛው ጢም አልነበረውም።»