ከርነል ስንገነባ ኤረሩን የተናገረው ማነው?

የሊኑክስን ከርነል (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘውን የሲስተሙን እምብርት) ከምንጭ ኮዱ ራሴ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ማሽን ወደሚያስኬደው ፋይል መቀየር፣ እየተማርኩ ነው። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ፤ በተለይ ገና ልትጀምሩ ላሰባችሁ። ኤረር መምጣቱ አይቀርም። ብዙ ሰው እዚያው ላይ ይተወዋል። «ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በደንብ ስለማልችል ነው» ብሎ ያስባል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ካጋጠሙኝ ኤረሮች አብዛኞቹ ከሲ ኮዱ ጋር አይገናኙም። ችግሩ ያለው የራሳችን ማሽን ላይ፣ የጎደለ ፓኬጅ ላይ ወይም ከሌላ ቦታ የተቀዳ ኮንፊግ (የከርነሉ አማራጮች የተዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ነው።

ስለዚህ ኤረር ሳይ አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ይህን ያለው ማነው? በአንድ ግንባታ ውስጥ ብዙ ተናጋሪ አለ። ሥራውን የሚያከፋፍለው ሜክ አለ። ኮዱን የሚተረጉመው ጂሲሲ አለ። ቁርጥራጩን የሚያገጣጥመው ሊንከር አለ። ትእዛዛችንን ተቀብሎ የሚያስኬደው ሼልም ይናገራል። አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑን እያሠራ ያለው ከርነል ራሱ ጣልቃ ይገባል። ሁሉም አንድ ተርሚናል ላይ ስለሚጽፉ የአንድ ሰው ድምፅ ይመስላል። ተናጋሪውን ከለያችሁ የት መፈለግ እንዳለባችሁ አወቃችሁ ማለት ነው።

የምሠራው 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ኡቡንቱ ተጭኖበታል። የመረጥኩት ቨርዥን 6.12 ነው። በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከሚያገኙት አንዱ ነው። ኮዱን ሙሉ ታሪኩን ይዞ በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም) ማውረድ በጊጋባይት የሚቆጠር ዳታ ይበላል። የታመቀው ፋይል ግን 150 ሜጋባይት ገደማ ነው። የኢንተርኔት ፓኬጅ እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

መጀመሪያ አንድ ልማድ ያዙ። የመጨረሻውን መስመር አትመኑ። የከርነል ግንባታ ሲከሽፍ መጨረሻ ላይ የሚታየው «ሜክ፦ ኤረር 2» የሚል መስመር ነው። ይሄ መርዶ ነጋሪ ነው፤ የሞቱን ምክንያት አይነግራችሁም። ግንባታውን ብዙ ሥራ ጎን ለጎን እንዲሄድ አድርገን ስለምናስጀምረው አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ለጊዜው ይቀጥላሉ። እውነተኛው ኤረር ከላይ ተቀብሮ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሜክን በአንድ ሥራ ብቻ እንደገና አስነሡት። የተሠራውን ፋይል ድጋሚ ስለማይሠራ ቶሎ ችግሩ ጋ ይደርሳል፤ እዚያው ይቆማል። ሙሉውን ትእዛዝ ማየት ካስፈለጋችሁ «ቪ እኩል 1» የሚለውን ጨምሩበት።

አሁን ወደ ተናጋሪዎቹ ልሂድ።

ኡቡንቱ ላይ ያላችሁ በመጀመሪያ የምታገኙት ምናልባት ይሄን ነው። ሜክ «ኖ ሩል ቱ ሜክ ታርጌት» ይልና ካኖኒካል (የኡቡንቱ ባለቤት ኩባንያ) የሚል ስም ያለበት የሰርተፍኬት ፋይል ይጠራል። ሜክ እንዲህ ሲል «ይህ ፋይል ያስፈልገኛል፤ የለም፤ እንዴት እንደሚሠራም የነገረኝ የለም» ማለቱ ነው። ለምን የለም? ብዙዎቻችን ኮንፊጉን የምንቀዳው ቡት ከሚባለው ፎልደር ነው። ያ ኮንፊግ የተዘጋጀው ኡቡንቱ የራሱን ከርነል ለሚገነባበት ቤት ነው። ሰርተፍኬቱም ያለው እዚያ ነው፤ ከከርነል ዶት ኦርግ ባወረዳችሁት ኮድ ውስጥ አይገኝም። ኮንፊጉ ውስጥ ሲስተም ትረስትድ ኪስ እና ሲስተም ሬቮኬሽን ኪስ የሚሉትን ሁለት ቦታዎች ባዶ አድርጓቸው። ከዚያ ኦልድዴፍኮንፊግን (ኮንፊጉ ላይ ያልተመለሱ አማራጮችን በነባሪው የሚሞላውን የሜክ ትእዛዝ) አስኪዱና ቀጥሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ አስተካክሉ፤ የመጀመሪያውን ብቻ ከነካችሁ ሁለተኛው ትንሽ ቆይቶ በተመሳሳይ ቃል ያቆማችኋል።

ይኸው ሜክ ሌላ ጊዜ ኔትፊልተር በሚባለው የከርነሉ ክፍል ውስጥ ያለ ፋይል የለም ሊል ይችላል። ይሄ የሚመጣው ዊንዶውስ ላይ በደብልዩኤስኤል (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ በሚያስኬደው) የምትሠሩ ሆናችሁ ኮዱን ሲ ድራይቭ ላይ ስትዘረግፉት ነው። ከርነሉ ውስጥ ስማቸው በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያይ ፋይሎች አሉ። ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚያይ አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል። ማክ ላይም እንደተለመደው ከተዋቀረ ዲስኩ እንዲሁ ነው። ኮዱን ሊኑክሱ የራሱ ባደረገው ፋይል ሲስተም ላይ አድርጉት፤ ያልቃል። የፎልደሩ ስም ውስጥም ክፍት ቦታ አይኑር፤ ግንባታው ገና ከመጀመሩ ይቆማል።

የጎደለ ፓኬጅ ነገር ብዙ አያስጨንቅም። «ፍሌክስ፦ ኖት ፋውንድ» ካለ የተናገረው ሼሉ ነው። ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ ቢሲ፣ የኦፕንኤስኤስኤል እና የሊብኤልፍ ዴቭ ፓኬጆች፣ ለሜኑኮንፊግ (አማራጮቹን በዝርዝር እያየን የምንቀይርበት) ደግሞ ኤንከርስስ። እነዚህን አስቀድማችሁ ጫኑ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በግራ በኩል መስመሩ የሚጀምርበትን ምልክት እዩ። «ሲሲ» ካለ የከርነሉን ኮድ እየሠራ ነው። «ሆስትሲሲ» ካለ ግን ለግንባታው ራሱ የሚያገለግል ትንሽ ፕሮግራም በእናንተ ማሽን ላይ እየሠራ ነው። ሆስትሲሲ ላይ የመጣ ኤረር የከርነሉን ኮድ አይመለከትም፤ የእናንተ ማሽን ላይ የጎደለ ነገር ፈልጉ። ከኮዱ ጋር በሚመጣው ዶክዩመንቴሽን ውስጥ፣ ፕሮሰስ በሚባለው ፎልደር፣ ቼንጅስ የሚባል ፋይል አለ። የእያንዳንዱ መሣሪያ ዝቅተኛ ቨርዥን እዚያ በሰንጠረዥ ተቀምጧል።

ጂሲሲ እየሠራ ሳለ ድንገት «ኪልድ» የሚል ቃል ብቻ ካያችሁ ጂሲሲን አትውቀሱት። ፕሮግራሙን የገደለው አሁን ማሽኑን እያሠራ ያለው ከርነል ነው። ራም ስላለቀበት አንዱን ፕሮግራም ገድሎ ማሽኑን አድኗል። ዲሜሴጅ በሚባለው የከርነሉን መልእክት በሚያሳየው ትእዛዝ ብትጠይቁት የገደለውን በስም ይነግራችኋል። 8 ጊጋባይት ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፤ በተለይ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲገጣጠምና ፓሆል የሚባለው ፕሮግራም የዲበግ መረጃውን ሲያነብ። ጎን ለጎን የሚሄደውን ሥራ ቀንሱ፤ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኮንፊጉ ውስጥ ገብቶ የዲበግ መረጃውን ማጥፋት ነው። ዲስኩም ይተነፍሳል፤ ፓሆልም አያስፈልግም። ኢቢፒኤፍ (ከርነሉ ውስጥ ትንንሽ ፕሮግራም የሚያስኬድ ዘዴ) ላይ ለመሥራት ካሰባችሁ ብቻ መረጃውን ሳታጠፉ ተዉት።

ሎካልሞድኮንፊግ የሚባለው የሜክ ትእዛዝም ለእንደኛ ዓይነት ማሽን ትልቅ እፎይታ ነው። አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች (እንደ አስፈላጊነቱ የሚጫኑ የከርነሉ ክፍሎች) አይቶ ሌሎቹን ሞጁሎች ከኮንፊጉ ያስወግዳል። ሥራው በእጅጉ ያጥራል። ታዲያ ከማስኬዳችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን ዕቃ ሁሉ ሰኩ፤ ፍላሽ፣ የዩኤስቢ ዋይፋይ፣ የስልክ ኢንተርኔት። ያኔ ያልተሰካ ነገር በአዲሱ ከርነል ላይ ላይሠራ ይችላል።

ብዙ መመሪያ ላይ ያላገኘሁት፣ እኛ ጋ ግን ሁሌም ያለ ጉዳይ የመብራት ነው። ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ወይም በዴስክቶፕ ላይ ግንባታው መሃል ላይ ሳለ መብራት ይጠፋል። ሲመጣ ሜክን ታስነሣላችሁ። ከዚያ ሊንከሩ «የዚህን ፋይል ፎርማት አላውቀውም» ይላል። ወይም ሜክ ስሙ በነጥብ በሚጀምር፣ በሲኤምዲ በሚያልቅ ፋይል ላይ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» ይላል። ኮዱን ብትመረምሩት ምንም የለውም። የሆነው ይሄ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ፋይል ሲስተሙ የፋይሉን ስም መዝግቧል፤ ይዘቱን ግን ገና ዲስኩ ላይ አልጻፈውም። ባዶ ወይም የተበላሸ ፋይል ይቀራል። ሜክ ደግሞ ይዘት አያይም፤ ሰዓት ነው የሚያየው። ፋይሉ ከምንጭ ኮዱ በኋላ የተፈጠረ ስለሆነ «ይሄማ አልቋል» ብሎ ያልፈዋል።

ሁሉንም ከዜሮ መጀመር ግድ አይደለም። ፋይንድ በሚባለው ትእዛዝ መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን፣ ስማቸው በነጥብ ኦ የሚያልቀውን ብቻ ፈልጋችሁ አጥፉ። የተበላሸ የሲኤምዲ ፋይል ካለም አጥፉት፤ ሜክ እንደገና ይሠራዋል። አደራ፣ ባዶ ፋይል ሁሉ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። ኢንክሉድ ውስጥ ኮንፊግ የሚባል ፎልደር አለ፤ እዚያ ያሉት ብዙ ባዶ ፋይሎች ሆን ተብለው ባዶ የተደረጉ ናቸው። የትኛው አማራጭ መቼ እንደተቀየረ ሜክ የሚያውቀው በእነሱ ሰዓት ነው። አትንኳቸው። ጥርጣሬው ከበዛ ሜክ ክሊን በሉ፤ የተሠራውን ይጠርገዋል። ሚስተር ፕሮፐር የሚባለው የሜክ ትእዛዝ ግን ኮንፊጋችሁንም አብሮ ይጠርጋል፤ ስለዚህ ኮንፊጉን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ያዙ። ሲካሽ የሚባለውን የተሠራን ውጤት የሚያስቀምጥ ፕሮግራም መጫንም በጣም ይረዳል፤ ክሊን ካላችሁ በኋላ እንኳ አንዴ የተሠራውን መልሶ ያመጣል።

ከመብራቱ ጋር የሚመጣ ሌላም አለ። የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ሜክ «ክሎክ ስኪው» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ፋይሎቹ ከነገ የመጡ መስለው ይታዩታል። ይሄን ማስጠንቀቂያ አትለፉት። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ፤ ከዚያ ግንቡ።

የዕድሜ ልዩነትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አሮጌ ከርነል በአዲስ ጂሲሲ ስትገነቡ ኮዱ በተጻፈበት ጊዜ ያልነበረ ደንብ ይጋፈጠዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂሲሲ 10 አንድን ልማድ ስለቀየረ የቆዩ ከርነሎች «ዋይዋይሎክ ሁለቴ ተገልጿል» በሚል የሊንከር ኤረር ይቆማሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂሲሲ 15 ደግሞ ሲ23ን (አዲሱን የሲ ቋንቋ ደንብ) መነሻው አደረገ። እዚያ ላይ «ፎልስ» የቋንቋው ቁልፍ ቃል ስለሆነ አሮጌ ከርነል ራሱ ሊገልጸው ሲሞክር ይጋጫል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም የሚጠቀምበት መሠረታዊ ሄደር ፋይል (ሌሎች የኮድ ፋይሎች የሚጠሩት) ላይ ኤረር ካያችሁ ዕድሜ ጠርጥሩ። የዚያኑ ቨርዥን የቅርብ ማስተካከያ አውርዱ፤ ወይም የቆየ ጂሲሲ ጎን ለጎን ጭናችሁ ሜክን በእሱ እንዲሠራ ንገሩት።

ጂሲሲ ራሱ «ኢንተርናል ኮምፓይለር ኤረር» ብሎ በየጊዜው ሌላ ሌላ ፋይል ላይ ከቆመ ደግሞ ራሙን ሜምቴስት በሚባለው የራም መመርመሪያ ፈትሹ። ጤነኛ ማሽን ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው።

አሁን የራሴን ከርነል ቡት አድርጌ እየሠራሁበት ነው፤ የኡቡንቱውም ግሩብ (ማሽኑ ሲነሣ ከርነል የምንመርጥበት) ላይ አለ፤ አላጠፋሁትም። ቀጥዬ ጊት ባይሴክትን (ችግር ያመጣውን የኮድ ለውጥ የሚፈልገውን) ልማር ነው። እናንተም የተቸገራችሁበት ኤረር ካለ አምጡት፤ አብረን እንየው። ስትልኩ ግን የመጨረሻውን መስመር ፎቶ አትላኩ። የመጀመሪያውን ኤረር ከላዩ ካሉት መስመሮች ጋር፣ የከርነሉን ቨርዥን፣ የጂሲሲውን ቨርዥን እና ኮንፊጉን ከየት እንደቀዳችሁት ጻፉልኝ።