ከጣና የምታንስ መሬት ላይ 9 ሚሊዮን ሰው

ካናጋዋ ከቶኪዮ በስተደቡብ ያለች የጃፓን ክፍለ ሀገር ናት፣ ዋና ከተማዋን ዮኮሃማን የሚያውቅ ሁሉ ሳያውቀው ያውቃታል። ስፋቷ 2,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጣና ሐይቅ ራሱ ይበልጣታል፣ ግን 9.2 ሚሊዮን ሰው ይኖርባታል፣ በህዝብ ብዛት ከቶኪዮ ቀጥሎ ሁለተኛ ናት። የሄድኩት ህዳር መጨረሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ካዋሳኪ ከተማ ነበር፣ እሱን ባላስታውሰው ደስ ይለኛል። ማደሪያው ክፍል ሻንጣ መሬት ላይ አይከፈትም፣ አልጋ ላይ አውጥቼ ነው የከፈትኩት፣ ዘግይተሽ ገባሽ ብለው ደግሞ ቡኪንጉ ላይ ያልነበረ 3 ሺ የን ጨመሩብኝ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ስለሌለ ተከራክሬም አልሆነልኝም። ሌሊቱን ሙሉ ከባድ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ካርታ ሳይ ነው የገባኝ፣ በባህሩ በኩል ያለው ሁሉ ባህር ተደፍኖ የተሰራ የፋብሪካ መሬት ነው፣ ብረት፣ ነዳጅ ማጣሪያ፣ ኬሚካል። ምዕራቡ ተራራ ስለሆነ ሰውም ስራውም ምስራቁ ላይ ነው የተጠጋጋው።

ባቡር ጣቢያ ካነሳሁት ብሮሸር ላይ የክፍለ ሀገሯን ምልክቶች አየሁ፤ ዛፏ ጊንኮ፣ ወፏ ሲጋል የሚባለው የባህር ወፍ፣ አበባዋ ያማዩሪ የሚባል የተራራ ሊሊ። ሦስቱንም ሳላይ አልሄድም አልኩ።

ጊንኮው ቀላል ነበር፣ ዮኮሃማ ኒሆን ኦዶሪ መንገድ ግራና ቀኙ ቢጫ ብቻ ነው፣ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ ተከፍቶ ይወድቃል፣ ለመርገጥ ያሳሳል። እዛው አካባቢ ካፌ ገብቼ ሜኑው ላይ "ሞካ ይርጋጨፌ" የሚል አገኘሁ፣ 650 የን። እዚህ ሀገር የኛን ቡና ሞካ ነው የሚሉት፣ ድሮ በየመኑ ሞካ ወደብ በኩል ይሄድ ስለነበር ስሙ እዛው ቀረ። ቡናው ጥሩ ነው የተፈላው፣ ግን የወደቡ ስም ቀድሞ ይርጋጨፌ ከኋላ ሲመጣ ከልቤ ከፋኝ።

ከዛ ያማሺታ ፓርክ ሄድኩ። የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ዮኮሃማን አፈራርሷት ነበር፣ ፍርስራሹን ባህር ዳር ደፍነው ነው ፓርኩን የሰሩት፣ በ1930 ተከፈተ። ፅጌረዳ የተተከለበት፣ ልጆች የሚሮጡበት ሳር ስር የሰው ቤት ጡብ አለ ማለት ነው፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው። ፊት ለፊት ሂካዋ ማሩ የምትባል አሮጌ መርከብ ቆማለች፣ ሲጋሎቹ ሰንሰለቷ ላይ ተሰልፈው ያርፋሉ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ትንሽ ይጠጋለታል። አንድ ሰዓት ያህል እነሱን ሳይ ተቀመጥኩ።

ቱሪስት የሚጎርፍባቸው ካማኩራና ሃኮኔ ሰው በዛብኝ፣ በአንድ ቀን ጨርሼ ወጣሁ።

አበባው ቀረ። ኦዳዋራ ከተማ ሁለት ሌሊት ያረፍኩት አንዲት እናት ቤት ነው፣ ከቁርስ ጋር 13 ሺ የን፣ ዝናብ ይዞኝ ስገባ ጫማዬን ራሳቸው ተቀብለው ጋዜጣ ጠቅጥቀው አደረቁልኝ። በስልክ ትርጉም ያማዩሪ የት ነው የማገኘው ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁና እጄን ይዘው ጓሮ ወሰዱኝ። አንድ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ የደረቀ አገዳ ብቻ ነው ያለው። ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉት፣ ነጣ ያለ ስር ወጣ፣ ልክ እንደ ነጭ ሽንኩርት በቅጠል በቅጠል የተደራረበ። ድሮ ይሄ ስር በመርከብ ከዮኮሃማ እስከ አውሮፓ ይሸጥ ነበር አሉኝ። አበባው ነጭ ሆኖ መሀሉ ቢጫ መስመር አለው፣ ከመዳፍ ይሰፋል፣ በስልካቸው ፎቶውን አሳዩኝ። ከዛ አፈሩን መልሰው አለበሱትና በመዳፋቸው ደልደል አድርገው፣ ስልኩ ላይ አንድ ቃል ብቻ ፃፉልኝ፤ "ሐምሌ"።