ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ የመጡ ጊዜ

የእግር ኳስ ቡድናችን ዋንጫ ያመጣልኛል ብዬ ደግፌው አላውቅም። የአፍሪካ ዋንጫን የበላነው በ1962 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ስደት ያስለመደኝ ነው።) እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ድል ያማረው ሰው ሩጫ ይይ። ኳስ ግን፣ በተለይ በሰው አገር፣ ሌላ ነገር ይሰጥሃል። አደባባይ ወጥተህ እንደልብህ ትጮሃለህ። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ደቡብ አፍሪካ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ጠብቆ አያውቅም።

ሎኬሽን የሚባለው በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ከከተማ ውጭ እንዲኖሩበት የተከለለ ሰፈር ነው። አብዛኞቻችን የምንነግደው እዚያ ነው። የምንተኛውም እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ከዱቄቱና ከስኳሩ ኋላ። ዳቦ፣ ኤርታይም (የስልክ ካርድ)፣ ነጠላ ሲጋራ፣ ላምባ፣ ሁሉንም የምንሸጠው በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ነው። ደንበኛው ስማችንን አያውቅም። "ማይ ፍሬንድ" ይለናል። ሱቁም "ማይ ፍሬንድ" ነው። ልጁን "ማይ ፍሬንድ ጋ ሂድና ዳቦ ግዛ" ብሎ ይልከዋል። ስድብ አይደለም፣ ፍቅርም አይደለም። እኛም የብዙዎቹን ስም አናውቅም ነበር፣ ዱቤ ካልያዙ በቀር።

እዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነው የምትኖረው። በ2008 በውጭ ዜጎች ላይ የተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው ገድሏል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ አትታይ። ጥሩ ጫማ አታድርግ፣ ስልክህን መንገድ ላይ አታውጣ፣ በቋንቋህ ጮክ ብለህ አታውራ።

የ2010 የዓለም ዋንጫ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ሆነ። "ዋንጫው ሲያልቅ የውጭ ሰዎችን ጠራርገን እናስወጣለን" የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞልቶታል። በዚያው ሰሞን የደቡብ አፍሪካ ቡድን ባፋና ባፋና ከምድቡ ሲሰናበት ያው ሰፈር በሙሉ ጋናን ያዘ። "ባጋና ባጋና" ተባለ። ጋና ከኡራጓይ ስትጫወት ሱዋሬዝ ጎል የነበረችውን ኳስ በእጁ መለሳት። አሳሞአ ጂያን ፍጹም ቅጣት ምቱን አግዳሚው ላይ መታው። ጋና በመለያ ምት ወጣች። ሱቁ በረንዳ ላይ ጎረምሶቹ ያለቅሳሉ። "ጠብቁ፣ ዋንጫው ይለቅ" ሲለን የከረመው ልጅ ትከሻዬን ይዞ "አፍሪካን ዘረፉን" አለኝ። አብሬው አዘንኩ፣ ከልቤ ነው። ሱቁን ግን በጊዜ ዘጋሁ።

እንግዲህ በ2012 ጥቅምት ሱዳንን ስንጥል የሆነውን አስቡት። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡና 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው በለጥን። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ! የሚዘጋጀውስ የት ነው? እኛው ያለንበት አገር። ጆሃንስበርግ ጄፒ የሚባል የሐበሻ መንደር አለ፤ ድሮ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበሩ ፎቆች አሁን የብርድ ልብስና የልብስ ጅምላ መሸጫ፣ እንጀራ ቤት፣ ቡና ቤት ሆነዋል። የዚያን ቀን በየደረጃው ላይ ሰው ይተቃቀፋል። ዕቃ ሊገዙ የመጡ የአገሩ ሰዎች ምን እንደሆንን ግራ ገብቷቸው ቆመዋል።

ምድባችን ዛምቢያ፣ ቡርኪና ፋሶና ናይጄሪያ ሆነ። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። የመጀመሪያው ጨዋታ ጃንዋሪ 21፣ ሰኞ፣ ኔልስፕሩት። ቅዳሜ ጥምቀትን አክብረናል። አሁን ጥያቄው ሱቁን ማን ይጠብቅ የሚለው ነው። አጋሬ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነው የምለው። "ለኳስ ብሎ ሱቅ የሚዘጋ ነጋዴ አላየሁም" አለና ቀረ። እኔ ሄድኩ። እስከዛሬ ይወቅሰኛል፣ ቅር የሚለው ግን እኔ በመሄዴ ይሁን እሱ በመቅረቱ አልነገረኝም።

ኳንተም የሚባለውን ሚኒባስ ተከራይተን ሌሊት ወጣን። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማደያ ላይ ስንቆም ሐበሻ፣ ቀጥሎ ያለው ማደያ ላይም ሐበሻ። ከፖሎኳኔ፣ ከደርባን፣ ከኬፕታውን ድረስ በአውቶቡስ የመጣ አለ። ብዙዎቹ የሆሳዕናና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው፤ አንዱ መኪና በሀዲይኛ ይዘፍናል፣ ሌላው በከምባትኛ፣ ሌላው በአማርኛ፣ ጭፈራው ሲሞቅ ሁሉም ይቀላቀላል። ባንዲራ ያልለበሰ የለም።

መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመን። ሁላችንም እጃችን በልማድ ወደ ኪሳችን ሄደ፣ የጥገኝነት ወረቀት ልናወጣ። ወረቀት ላላሳደሰ ሰው ያቺ ደቂቃ ምን እንደሆነች አይጠየቅም። ፖሊሱ ባንዲራውን አየና "ዛሬ ስንት ለስንት ትወጣላችሁ?" አለ። ከኋላ አንዱ "ሦስት ለዜሮ!" ብሎ ጮኸ። ፖሊሱ ሳቀ። ሂዱ አለን። እኔ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እዚያ አገር ፖሊስ ላይ የጮኸ ሐበሻ አላየሁም።

የምቦምቤላ ስታዲየም የልጅ ሥዕል ይመስላል። ጣሪያውን የተሸከሙት ብረቶች ቀጭኔ ቅርጽ አላቸው፣ ወንበሮቹ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር ናቸው። ሣሩ ግን አያድርስ ነው፣ ቦታ ቦታ አሸዋ ብቻ። ዙሪያው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። አዲስ አበባ ስታዲየም ገባሁ እንዴ አልኩ። ዛምቢያዎች አገራቸው ከእኛ ይልቅ ቅርብ ሆኖ እንኳ ድምፃቸው አልተሰማም።

ጨዋታውን ያየ ያስታውሰዋል። ገና 0 ለ 0 እያለን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ሳላዲን መታ። የዛምቢያው ምዌኔ ያዘው። አጠገቤ የቆመው ልጅ ቁጭ አለና ጨዋታው እስኪያልፍለት ቀና አላለም። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ። በ10 ሰው ቀረን። ያኔ ከእኛ በኩል ቩቩዜላና ጠርሙስ ሜዳ ላይ መወርወር ተጀመረ። ይሄን ማድበስበስ አልፈልግም፣ አሳፋሪ ነበር። ስንት ዓመት ታፍኖ የቆየ ሰው ሲፈታ ሁሌ ዘፈን ብቻ አይወጣውም። አዛውንቶቹ ተነስተው "ተው! እንግዳ ነን!" እያሉ ለመኑ። ከእረፍት በፊት ዛምቢያ አገባች።

ከዚያ በሁለተኛው አጋማሽ፣ በ10 ሰው፣ አዳነ ግርማ አገባ። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ያየሁት ነገር የለም፣ ሰው ስር ነበርኩ። መነጽሬ የት እንደሄደ አላውቅም። ቀሪውን ጨዋታ በድምፅ ነው የተከታተልኩት ማለት ይቻላል። 1 ለ 1 ወጣን። የአፍሪካ ሻምፒዮን ጋር፣ በ10 ሰው! ስንወጣ ያሸነፍን ነበር የሚመስለው።

ጋሼ ደግሞ የራሱን ጨዋታ ነገረኝ። ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥን የለም። ፊት ለፊት ካለው ሺቢን፣ የሰፈሩ መጠጥ ቤት፣ ሰዎች እየተመላለሱ ውጤቱን በፍርግርጉ ይነግሩታል። አንድ ለዜሮ ስንመራ አንዲት ጎጎ (አያት ማለት ነው) መጥታ "ማይ ፍሬንድ፣ አይዞህ" አለችው። አዳነ ሲያገባ ሺቢኑ በሙሉ ወጥቶ ፍርግርጉን ደበደበው። "ሊዘርፉኝ መስሎኝ በሩን ቆለፍኩ" አለ። ሲገባው ከፍቶ ለሁሉም ለስላሳ አደለ። ጋሼን የሚያውቅ ይህን አያምንም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ቀጣን። ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያን እስከ መጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ዜሮ ለዜሮ ይዘን፣ ቪክቶር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ጨረሰን። በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጥቶ አዲስ ሕንፃ የበረኛ ጓንት ሲያጠልቅ አይቻለሁ። ለፍጻሜ የደረሱት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ናቸው። ስለዚህ ጄፒ ውስጥ "እኛ የተሸነፍነው መርጠን ነው" የሚል ቀልድ ከረመ። ቡርኪና አራተኛውን ስታገባብን እንኳ መዝፈኑን አላቆምንም። ጋዜጠኞች ለቡድን ፍቅር ነው አሉት። ፍቅርም አለበት። እኔ ግን ሌላም ያየሁ ይመስለኛል፤ ጨዋታው ካለቀ ወደ ፍርግርጉ እንደምንመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ማን ቸኩሎ ዝም ይላል?

ለጥቂት ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ "ኢትዮፒያ" ተባልኩ። ሰላም የማይለኝ ሰው ስለ ሳላዲን ያወራኛል። ይሄ ብዙ ለወጠ ብዬ ግን አልዋሽም። በ2015 ሱቆች እንደገና ሲዘረፉ ለባንዲራው ብሎ ያለፈን የለም።

አሁን አሜሪካ፣ ኦሃዮ ነው ያለሁት። መንገዱን አልተርከውም፣ በብራዚል በኩል የመጣ ያውቀዋል። እዚህ ድምፅህን ቀንስ የሚልህ የለም። አብሮህ የሚጮህ ሰው ግን አታገኝም፣ ሁሉም ሺፍት ላይ ነው። የፓሪሱን የ2024 ኦሊምፒክ ማራቶን ያየሁት መጋዘን ውስጥ ነው፤ እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ሲጀመር እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ታምራት ቶላ የገባው ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ በተጠባባቂነት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ብቻውን ሲሄድ እኔ ካርቶን እየደረደርኩ ስልኬን መደርደሪያ ላይ አቁሜያለሁ። 2:06:26፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። "እሰይ!" ብዬ ስጮህ ፎርክሊፍት የሚነዳው ሰውዬ አደጋ የደረሰ መስሎት ማሽኑን አቆመ።

በማግስቱ የሴቶቹ ላይ ተጣላን። ትዕግስት አሰፋና ሲፋን ሐሰን መጨረሻ ላይ በክርን ተገፋፍተው ሲፋን በሦስት ሰከንድ ቀደመች። ሲፋን የተወለደችው አዳማ ነው፣ በልጅነቷ ተሰዳ ለኔዘርላንድስ ነው የምትሮጠው። ስልኩ ላይ ግማሹ "ዘረፈችን" ይላል፣ ግማሹ "እሷስ የማን ናት?" ይላል። እኔ ትዕግስት እንድታሸንፍ ነበር የፈለግኩት፣ ተናድጄም ነበር። ሆኖም እንደኔ ወረቀት ይዞ የተንከራተተን ሰው በማልያው ቀለም ብቻ ባዕድ ማድረግ አልሆነልኝም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ልጄ እዚህ ነው የተወለደው። የፓሪሱን የወንዶች 1500 ሜትር አብረን አየን። ያሬድ ንጉሤ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ያደገው ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ነው፣ የሚሮጠው ለአሜሪካ ነው። ኮል ሆከር ወርቁን ወሰደ፣ ያሬድ ከብሪታንያው ጆሽ ኬር በአንድ መቶኛ ሰከንድ ተቀድሞ ነሐስ አገኘ። ልጄ "ዩኤስኤ!" እያለ ሶፋ ላይ ይዘላል። እኔ "ያሬድ! በርታ ያሬድ!" እላለሁ። እናቱ ከኩሽና "ለማን ነው የምትጮሁት?" ብላ ጠየቀች። ሁለታችንም "ለእኛ" አልን።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ የዋልያዎቹን አረንጓዴ ማልያ ግዛልኝ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ገዛሁ። ጀርባው ላይ ግን "ያሬድ" ተብሎ ይጻፍልኝ አለ። ያሬድ ኳስ እንደማይጫወት፣ ለኢትዮጵያም እንደማይሮጥ አስረዳሁት። "ሶ?" አለኝ። አሳተምኩለት። አሁን የሰፈሩ ልጆች ስሙ እየመሰላቸው ያሬድ ብለው ነው የሚጠሩት፣ እሱም አቤት ይላል።