የማን ነበር?

እናቴ ስለገዛሁት ልብስ በስልክ ስነግራት አስቀድማ የምትጠይቀኝ ዋጋውን ወይም ቀለሙን አልነበረም። «የማን ነበር?» ትለኝ ነበር። የምለብሰው ሁሉ ከልባሽ ልብስ መሸጫ የተገዛ መሆኑን ታውቃለችና፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ቁጭ ብላ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ስላለች ልጇ የምትጨነቅበት አንዱ ነገር ይኸው የልብሱ የቀድሞ ባለቤት ጉዳይ ነበር። የማን እንደነበረ አላውቅም እላታለሁ። «እንግዲያው የሞተ ሰው ልብስ እንዳይሆን ጸበል ርጪበት» ትለኝና ወደ ልጆቹ ጉንፋን ትሻገራለች።

በ1998 ዓ.ም. በዲቪ ከመጣሁ ወዲህ ሥራዬ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ረዳት ነርስነት ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ታክሲውን ይዞ ሊወጣ ጫማውን ያስራል፤ ሴቷ ልጄ ፀጉሯን እንድጎነጉንላት ማበጠሪያዋን ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ ወንዱ ደግሞ የካልሲው አንድ እግር ጠፍቶበታል። እነርሱን አውቶቡስ ላይ ካሳፈርኩ በኋላ መጋረጃውን ጋርጄ እተኛለሁ፤ የምነሣው ከትምህርት ቤት ሊመለሱ ሲሉ ነው። ኑሮዬ በዚህ መልክ ይሄዳል፤ ብዙ የሚወራለትም አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ወደ ቤት አልሄድም። የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ዐይኔ በእንቅልፍ እየቆጠቆጠኝ፣ ሳልባጅ ቤቱ እስኪከፈት መኪና ውስጥ ቡናዬን ይዤ እጠብቃለሁ።

ሳልባጅ የሚለውን ቃል የምጠቀመው ሆን ብዬ ነው። ልጄ «ቪንቴጅ» በይው ትለኛለች፤ በዚህ ስም ሲጠራ ዋጋውም እንደሚጨምር አይቻለሁ። እኔ ባደግሁበት አገር ግን ሳልባጅ መልበስ ተደብቆ የሚደረግ ነገር ነበር፤ አንዲት የአክስቴ ልጅ «አሜሪካ ድረስ ሄዳ ሳልባጅ ትለብሳለች» ብላ እንዳማችኝም ሰምቻለሁ። አልዋሸችም።

የአሮጌ ልብስ ፍቅር የያዘኝ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ አይደለም። የእናቴ የእንጨት ሣጥን ነው መነሻው። እናቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችው ደብረ ብርሃን፣ ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት፣ ከአክስቷ ቤት ተቀምጣ ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. የተነሣችው ፎቶግራፍ ላይ አፍሮ ፀጉሯን አበጥራ፣ ከጉልበቷ ከፍ ያለ ትልልቅ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ ሳትስቅ ቆማለች። ቀሚሱ ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ከትዳር በኋላ፣ መንዝ ከተመለሰች በኋላ፣ አንድም ቀን ለብሳው አላየሁም፤ ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ ልብሱ ሁሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበርና ያን ቀን ቀሚሱን የመንካት ፈቃድ ነበረኝ። አሪቲና ናፍታሊን ይሸታል። ጀርባው ላይ የብረት ዚፕ አለው። ገልብጬ ሳየው፣ የታችኛው ጠርዝ በውስጥ በኩል አራት ጣት ያህል ታጥፎ ተሰፍቷል። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ ደብረ ብርሃን የነበረው ልብስ ሰፊ «ልጅ ነሽ፣ ብታድጊ ይለቀቅልሻል» ብሎ እንደተወላት ነገረችኝ። አላደገችም፤ ወይም ያደገችው ሌላ ልብስ ውስጥ ነው።

ዛሬም ሳልባጅ ቤት ገብቼ አንድ ልብስ ሳነሣ አስቀድሜ የምገለብጠው ያንኑ ጠርዝ ነው። የድሮ ልብስ ሰፊ ለጨርቅ አይሳሳም፤ እጥፋቱን ሰፊ ያደርገዋል፤ የዛሬው ፋብሪካ ግን ጥፍር የማታህል ያስቀራል። ከዚያ ዚፑን አያለሁ፤ ብረት ከሆነ ልቤ ትንሽ ይመታል። ከዚያ ወደ ስፌቱ መጋጠሚያ እሄዳለሁ። በአሜሪካ ከሐምሌ 1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ ልብስ እንዴት እንደሚታጠብ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲሰፋበት ግዴታ ስለሆነ፣ እርሱ ከሌለና ካልተቆረጠ፣ ልብሱ ከዚያ ይቀድማል ብሎ መገመት ይቻላል። የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበርም በየልብሱ ላይ የሚያሰፋት ትንሽ ምልክት ነበረችው፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ከሆነች ከ1974 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሰፋ ነው። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ አንዲት ደንበኛ አሮጊት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ የምትቆም ብቸኛዋ ሰው።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሱፍ ካፖርት አገኘሁ። የማጠቢያ ጽሑፍ የለውም፤ የማኅበሩ ምልክት አለበት፣ ሦስቱ ቀለማት ግን የሉበትም። ይህ ማለት እናቴ ያን የአበባ ቀሚስ ለብሳ ፎቶ በተነሣችበት ዘመን፣ ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንዲት አሜሪካዊት ይህን ካፖርት ለብሳለች ማለት ነው። 14 ዶላር ከፈልኩበት። ኪሱ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረች፤ እንቁላል፣ ነጭ ክር፣ ለሐኪሙ መደወል ይላል። ያኔ የታሰበኝ ለእናቴ መንገር ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ «የማን ነበር?» ስትለኝ የምመልሰው ነገር አገኘሁ ብዬ።

ቤት ገብቼ ካፖርቱን ለብሼ መስታወት ፊት ዞርኩ። ባለቤቴ ሥራ አልሄደም፤ ለምን እንደቀረ ስጠይቀው መኪናው እንደተበላሸ ነገረኝ። «ያምርብሻል» አለኝና መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ውኃው ረጅም ጊዜ ሲወርድ ይሰማኛል። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ አያነሣም። ኔትወርክ ነው አልኩ። መሐል ሜዳን የሚያውቅ ሰው ስልክ አለመነሣቱ አያስደነግጠውም።

በማግስቱ እሑድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሁልጊዜ ሠርጉንም ልደቱንም አርፍዳ የምትደርሰው ጎረቤታችን እትዬ ከሁሉ ፊት ቆማለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ከኋላዋ ቄሱና ሌሎች ስድስት ሰባት ሰዎች አሉ። አንዳቸውም ሳይናገሩ አወቅሁ። እትዬ በሰዓቱ የምትመጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ልጆቹን ማታውኑ ወደ ጓደኛዬ ቤት የወሰዷቸው «ለጨዋታ» እንዳልነበረም የገባኝ ያኔ ነው። እናቴ ዐርብ ሌሊት ዐርፋለች፤ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተቀብራለች። የእኛ ሰዓት በዚያ ወር ከቨርጂኒያው በ8 ሰዓት ይቀድማል። ቆጠርኩት፤ ሬሳው ከቤት ሲወጣ እኔ ከሥራ እወጣ ነበር፤ መኪና ውስጥ ሆኜ ቡናዬን ስጠጣ አፈር እየለበሰች ነበር። ባለቤቴን ስለ ደበቀኝ ለሳምንታት አኩርፌው ነበር፣ ወግ መሆኑን እያወቅሁ፤ እኔም የሌላ ሰው መርዶ ደብቄ፣ አብሬ ቡና ጠጥቼ፣ ስቄ አውቃለሁ። ይህን የስደት ወግ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ የሚተካው የተሻለ ነገርም አላገኘሁለትም።

ካፖርቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቀለ። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበስኩ፤ ከመጦሪያው ውስጥ ያለችው አለቃዬ ቀብር እንዳለብኝ በየወሩ ትጠይቀኝ ነበር።

ከአርባው በኋላ ወንድሜ የእናታችንን ልብስ ምን እናድርገው ብሎ ደወለ። በአገራችን ልማድ የሟች ልብስ ለነዳያን፣ ለንስሐ አባት፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይሰጣል። የአበባ ቀሚሱን አስቀምጥልኝ፤ ከእርሱም በላይ በርኖሱን አስቀምጥልኝ አልኩት። ዝም አለ። በርኖሱ ለማርያም ዘበኛ ተሰጥቷል፤ ከሁሉ በፊት የሄደው እርሱ ነው፤ ራሷ እናታችን ናት የተናዘዘችው።

ይህ በርኖስ የአባቴ ነበር። በርኖስ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ የመንዝ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለልጆቼ ግን ብዙ ጊዜ ማስረዳት ነበረብኝ። ያልተነከረ የጥቁር በግ ፀጉር ነው፣ ሴቶች በእንዝርት የሚፈትሉት፣ ሸማኔ የሚሠራው፤ ዝናብ ያንሸራትታል፣ ውርጭ ይመልሳል፣ ሲረጥብ ግን በጉ ራሱ ቤት ውስጥ የገባ ያህል ይሸታል። አያቴ ናቸው የፈተሉለት። በ1982 ዓ.ም. አንድ ማታ ከምድጃው የፈነጠቀ ፍም ጫፉ ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አቃጠለበት፤ እኔም የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሌላ ክር ስላጣሁ፣ ከተተረተረ ሹራብ ባገኘሁት አረንጓዴ ክር ጣፍኩት። አባቴ አየና ሣቀ። «ጥቁር በግ ላይ ጓሳ አበቀልሽበት» አለኝ፤ ጓሳ የደጋችን ሣር ነው። በ1988 ዓ.ም. አባቴ ሲሞት እናቴ በርኖሱን ለማንም አልሰጠችም፤ የወንድ ልብስ ነው ቢሏትም እስከ ዕለተ ሞቷ ማለዳ ማለዳ እርሱን ደርባ ነው ከቤት የምትወጣው። እኔን ግን የማላውቃት አሜሪካዊት ካፖርት ላይ ጸበል ርጪ ትለኝ ነበር! ይህን በሕይወት እያለች አልነገርኳትም፤ ያልታሰበኝ ሆኖ ነው።

ለሙት ዓመቱ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ጣርማ በር ላይ ሲደረስ የወሎው መንገድ በዋሻው ውስጥ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ የእኛው ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ይቀጥላል። ጥቁሬን በተዝካሩ ማግስት አወለቅሁ። በሻንጣዬ ይዤው የሄድኩትን የወይን ጠጅ ካፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ የለበስኩት ያን ዕለት ማለዳ፣ ወደ መቃብሯ ስሄድ ነው።

ዘበኛው በሩ ላይ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ በርኖሱ ለእርሳቸው ትንሽ ሰፍቷቸዋል። ሰላምታ ስንለዋወጥ ዐይኔ ወደ ጫፉ ወረደ፤ አረንጓዴው ክር አለ። ደብዝዟል፣ ግን አለ። ጎንበስ ብዬ ሳልነካው መተው አልቻልኩም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አዲስ ጋቢም አዲስ ብርድ ልብስም ልግዛልዎ፤ ይህን ይስጡኝ» አልኳቸው። ገንዘብ ጨምሬ እንደምሰጥም ተናገርኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እናትሽ ሲሰጡኝ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? ሌሊት ሲበርድህ የባሌን ስም ጥራ ነው ያሉት። እኔም ሁለቱንም እጠራለሁ። ብርድ ልብስ ስም አያስጠራም።» ቀጥለው ካፖርቴን አዩ፤ ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት፣ ልክ እኔ ሳልባጅ ቤት እንደማደርገው። «ሱፉ መልካም ነው። ገበሩ ግን ስስ ነው፤ ለዚህ አገር አይሆንም።»

ከዚያ ሳልጠይቃቸው በርኖሱን አወለቁና ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ መቃብሩ ዘንድ ደርሼ እስክመለስ ድረስ በካፖርቴ ሊቆዩ። ከባድ ነው። የበግ፣ የጭስ፣ የእርሳቸውም ሽታ አለው፤ የእናቴን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። መቃብሩ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ስመለስ ሽማግሌው የወይን ጠጅ ካፖርት ለብሰው፣ ቁልፎቹን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ዱላቸውን ይዘው በሩን ሲጠብቁ አገኘኋቸው፤ ሊያስቀድሱ የሚገቡት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ስንለዋወጥ እጃቸው ኪሱ ውስጥ ገባና ያቺን ብጣሽ ወረቀት አወጡ። አገላብጠው አዩዋት።

«ይህ የማን ነበር?» አሉኝ።

«ስሟን አላውቅም አባባ። እንቁላልና ነጭ ክር ልትገዛ የነበረች፣ ሐኪም ዘንድ መደወል ያለባት ሴትዮ ናት» አልኳቸው።

ወረቀቷን አጥፈው ወደ ኪሱ መለሷት። «ደወለች ይሆን?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ባርኔጣቸውን አነሡና፣ «እርሷንም ነፍስ ይማር» አሉ።