የአሜሪካን የባሕር ማዶ መስፋፋት በቀረጥ ሕግ በኩል ማንበብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የአሜሪካ ታሪክ ንባቤ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ደርሷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ መግቢያ ጽሑፎች የባሕር ማዶውን መስፋፋት የሚጀምሩት ሜይን የተባለችው የጦር መርከብ በ1898 ሃቫና ወደብ ላይ ከፈነዳችበት ዕለት ነው። እኔ ግን ከዚያ የተከተለውን የአሜሪካና የስፔን ጦርነት ለጊዜው ትቼ የቀረጥ ሕጎቹን መከተል መርጫለሁ፤ ብዙ ነገርም ግልጽ ሆኖልኛል።

መነሻዬ ያኔ ነጻ መንግሥት የነበረችው ሐዋይ ናት። በ1875 የተፈረመው ውል የደሴቶቹ ስኳር ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ በመፍቀዱ የሸንኮራ አገዳ ባለእርሻዎቹ በለጸጉ፤ ውሉ በ1887 ሲታደስም አሜሪካ ፐርል ሃርበርን ለብቻዋ የመጠቀም መብት አገኘች። በ1890 የወጣው የማኪንሊ ታሪፍ የተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ግን ከየትኛውም አገር የሚመጣውን ጥሬ ስኳር ከቀረጥ ነጻ አድርጎ፣ ለአገር ውስጥ አምራቾች በፓውንድ 2 ሳንቲም ድጎማ ስለ ፈቀደ የሐዋይ ልዩ ጥቅም ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ መጠቃለል ማለት ድጎማውን መካፈል ማለት ሆነ። በጃንዋሪ 1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋን ስትወርድ ቦስተን ከተባለችው የጦር መርከብ የወረዱ የአሜሪካ ወታደሮች ሆኖሉሉ ውስጥ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ቀረጥ ሁሉንም አያስረዳም። የስኳር ከበርቴው ክላውስ ስፕሬክልስ መጠቃለሉን ይቃወም ነበር፤ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድም የመጠቃለያ ውሉን ከሴኔት መልሰው ወሰዱት። በ1894 በሌሎች አገሮች ስኳር ላይ ቀረጡ ዳግም ሲጣል የሐዋይ ጥቅም ተመልሷል፤ ስለዚህ በ1898 የነበረው ግፊት ከስኳር ብቻ የመነጨ ሊሆን አይችልም። በ1897 ከ21,000 በላይ የሐዋይ ተወላጆች የፈረሙበት አቤቱታ አዲሱን የመጠቃለያ ውል ለማክሸፍ ረድቷል። መጠቃለሉ የጸደቀው በጁላይ 1898፣ በስፔን ይዞታ በፊሊፒንስ ላይ የተካሄደው የማኒላ ዘመቻ በፓስፊክ መካከል የመርከብ ማረፊያ አስፈላጊ ባደረገበት ወቅት፣ እንደ ውል የሴኔትን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በማይጠይቅ የኮንግረስ የጋራ ውሳኔ ነው።

ጦርነቱን ስለ ቋጨውና ፊሊፒንስን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ስላስረከበው የፓሪስ ውል ብዙ ስለ ተጻፈ አልፈዋለሁ። እኔን የያዘኝ በዚያው ውል ከስፔን ወደ አሜሪካ የተላለፈችው የፖርቶ ሪኮ ደሴት ብርቱካን ነው። ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ለደረሰ ብርቱካን 659 ዶላር ከ35 ሳንቲም ቀረጥ የከፈለ የንግድ ድርጅት፣ ደሴቲቱ የአሜሪካ ከሆነች ቀረጥ ለምን ይጣላል ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1901፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ይዞታ ብትሆንም በሕገ መንግሥቱ የቀረጥ አንቀጾች ረገድ የአሜሪካ አካል አይደለችም ብሎ ፈረደ። በእኔ ግምት ይህ ፍርድ ከማኒላው የባሕር ድል ይበልጣል፤ የፌዴራል ግዛትነት ተስፋ ሳይሰጡ ሕዝብን በሥር ማቆየት በሕግ የተደገፈው በእሱ ነውና።

ቀጥሎ የማነበው ስለ ኩባ ነው፤ በተለይ አሜሪካ በኩባ ጉዳይ ጣልቃ እንድትገባ መብት የሰጣትን የፕላት ማሻሻያንና ለኩባ ስኳር 20 በመቶ የቀረጥ ቅናሽ የሰጠውን የ1903 ውል ጎን ለጎን አድርጌ።