ሁለት ቃል ዝናብ

ስክሪፕት መጻፍ የጀመርኩት ቀን ቀን ሒሳብ እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ነው። የፊልም ትምህርት አልተማርኩም። በሙያው ውስጥ የማውቀው ሰው ቀርቶ የማውቀው ሰው የሚያውቀው ሰው እንኳን አልነበረም። ስለዚህ በኢሜይል ደጅ መጥናት ያዝኩ።

የመጀመሪያው ስክሪፕቴ 163 ገጽ ነበር። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም እንደሚሆን የነገረኝ የለም። ለካ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፊልም ነው ለማላውቃቸው ሰዎች የላክሁት። አብዛኞቹ ሳይከፍቱ መለሱልኝ። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያልጠየቁትን ጽሑፍ አንብበው ነገ ተቀራራቢ ታሪክ ቢሠሩ "ሐሳቤን ሰረቁኝ" ብሎ የሚከስ አይጠፋም። አለመክፈቱ ይሻላቸዋል።

ሦስተኛው 98 ገጽ ላይ አለቀ። እሱን ለጀማሪዎች በተዘጋጀ ውድድር አስገባሁት። የዚህ ዓይነቱ ውድድር ስመ ጥሩ የኦስካር ሸላሚው አካዳሚ የሚያካሂደው ኒኮል ነው፤ በስክሪፕት ብዙ ገንዘብ ያገኘ ሰው አይገባበትም። (ምንም አለማግኘት የሚጠቅምበት ቦታ አለ ማለት ነው።) የኔው ውድድር ያን ያህል ስም የለውም። ቢሆንም መጨረሻው ዙር ደረስኩ፤ ከዳኞቹ አንዱ ጽሑፉን ለአንዲት ፕሮዲውሰር አሳየልኝ። ከስምንት ወር በኋላ የዝግጅት ስብሰባ ላይ ተቀመጥኩ።

ከፊት ለፊቴ ያሉት የፕሮዳክሽን ማናጀሯ ነበሩ። ስክሪፕቴን አትመው በማስመሪያና በቀለም እርሳስ አዥጎርጉረውታል። እያንዳንዱን ገጽ ስምንት ቦታ ከፍለው፣ እያንዳንዱን ትዕይንት ለክተዋል። ተዋናዩ በአንድ ቀለም፣ ዕቃው በሌላ ቀለም።

"ትዕይንት 31፤ ሁለት ስምንተኛ ገጽ" አሉ። "ውጪ፣ መንገድ፣ ሌሊት። 'ዝናብ ይዘንባል' ይላል። ለምንድን ነው የሚዘንበው?"

ጥያቄው ደስ አለኝ። ስለ ሐዘን አወራሁ። ስለ መታጠብ አወራሁ። ሰማዩ ስለ ባለታሪኳ እንደሚያለቅስ ስናገር ካሜራማኑ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

ማናጀሯ ግን እስክጨርስ ታገሡኝ። ከዚያ መቁጠር ጀመሩ። የእውነት ዝናብ ሰዓት አይጠብቅልንም፤ ቢመጣም ከጀርባው መብራት ካልመታው ካሜራ ላይ በደንብ አይታይም። ስለዚህ የውሃ ቦቴ፣ ቱቦ፣ ከላይ የሚረጭ መሣሪያ፣ ተጨማሪ መብራት። መብራትና ውሃ አንድ ላይ ካሉ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ። የተዋናይቷ ልብስ በአንዴ ቀረጻ ይበሰብሳል፤ አምስቴ ከተቀረጸ አምስት አንድ ዓይነት ልብስ። ፀጉሯም በየመሃሉ ደርቆ እንደገና ይሠራል። ድምፁ በውሃው ጩኸት ስለሚበላሽ ንግግሩ በኋላ ስቱዲዮ ይቀዳል። ትዕይንት 30 እና 32 እዚያው መንገድ ላይ ስለሆኑ አስፋልቱ እዚያም እርጥብ መሆን አለበት።

"ሙሉ ሌሊት ነው" አሉኝ። "ለሁለት ቃል።"

ክው አልኩ። 11 ዓመት የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ፣ ይሄ ወጪ ለምን ወጣ እያልኩ ስንቱን ያስጨነቅሁ ሰው ነኝ። ብዕር ስይዝ ግን ሒሳቡ የት እንደገባ እንጃ። በብስጭትም በሐፍረትም "ይውጣ፤ አይዝነብ" አልኩ።

ያልጠበቅሁት ተቃውሞ ከዳይሬክተሩ መጣ። "ካልዘነበ እህቷ ቤት ለምን ትገባለች?"

ልክ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ደህና አየር ቢሆን ያቺ ሴት ያንን በር አታንኳኳም። ዝናቡ ሰበቧ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ግን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ የሰማይ ለቅሶ በኋላ የለጠፍኩበት ነው።

እዚያው ላፕቶፔን ከፈትኩ። "ውስጥ፣ የእህትየው በር፣ ሌሊት። ከውጪ የዝናብ ድምፅ። በሩ ሲከፈት ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። 'ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ' ትላለች።" ትዕይንት 31 ከመንገድ ወደ በር መጣ። አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ከድምፅ ባለሙያው የሚመጣ ዝናብ። ደግሞ ከበፊቱ ይሻል ነበር፤ አሁን ሁለቱ ሴቶች ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ፊት ለፊት ናቸው።

ማናጀሯ አንብበው ከወረቀቱ ላይ የዝናቡን ሰማያዊ መስመር ሰረዙ። አላሞገሱኝም። ገጽ ገለጡ።

"ትዕይንት 54። 'ውሾች ይጮሃሉ' ይላል። ይታያሉ?"

"ይሰማሉ ብቻ" አልኩ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።