ተሰጥኦ ሞልቶ ድል ሲጠፋ

የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል በቅርብ የሚከታተል ሰው እ.ኤ.አ. የ2022ቱን የቴክሳስ ኤይ ኤንድ ኤም ቡድን በቀላሉ አይረሳውም። ዩኒቨርሲቲው ለዚያ ዓመት ያስፈረማቸው አዳዲስ ተጫዋቾች፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ችሎታ እየመዘኑ ደረጃ በሚያወጡ ባለሙያዎች ዘንድ፣ እስከዚያ ድረስ ከታዩት ምልምሎች ሁሉ የላቁ ተብለው ነበር። አሰልጣኙ ጂምቦ ፊሸርም በ2013 ፍሎሪዳ ስቴትን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ለሻምፒዮንነት ያበቁ ሰው ናቸው። ቡድኑ ግን በገዛ ሜዳው በአፓላቺያን ስቴት 17 ለ 14 ተሸንፎ፣ የውድድር ዘመኑን በ5 ድልና በ7 ሽንፈት ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት ፊሸር ሲሰናበቱ ዩኒቨርሲቲው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍላቸው ግድ ሆነበት። ታዲያ ድሉን የሚወስነው የተጫዋቾች ተሰጥኦ ነው ወይስ አሰልጣኙ?

የ18 ዓመት ልጆች የ22 ዓመት ጎልማሶችን ወዲያው ያሸንፋሉ ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው የሚል መከራከሪያ አለ፤ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ። ነገር ግን በኮሌጅ ደረጃ የአሰልጣኝ እጅ ከፕሮፌሽናሉ ሊግ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት ይኸው የዕድሜ ነገር ነው። ተጫዋቹ ገና እየተማረ ነው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሄዳል፣ በውድድር ወቅት በይፋ የሚሠለጥንበት ጊዜም በደንቡ በሳምንት በ20 ሰዓት የተገደበ ነው። ከዚህም በላይ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ደካማው ቡድን አዳዲስ ተጫዋቾችን በቅድሚያ ይመርጣል፤ በኮሌጅ ግን አሰልጣኙ ራሱ ወጣቱንና ወላጆቹን አሳምኖ ያመጣል። ስለዚህ «ያሸነፈው በተሰጥኦ ነው» የሚለው ሐረግ ብዙም አይገልጽልኝም፤ ተሰጥኦው ከየት መጣ?

በሌላ በኩል አሰልጣኙ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ኒክ ሴባን በአላባማ ስድስት የአገር አቀፍ ዋንጫዎች ያነሡ ቢሆኑም፣ በ2007 የመጀመሪያ ዓመታቸው በሉዊዚያና ሞንሮ ተሸንፈው በ7 ድልና በ6 ሽንፈት ነው የጨረሱት። ራሳቸው የመለመሏቸው ልጆች ገብተው ሲበረቱ፣ በ2009፣ 14 ጨዋታ ተጫውተው 14ቱንም አሸነፉ።

ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ ኤል ኤስ ዩ የሚባለው ቡድን፣ ታሪክ ነው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ጆ ቡሮ በ2018 ለታችዳውን (ለዋናው የነጥብ ማስቆጠሪያ) የበቁ 16 ኳሶችን ወረወረ፤ በ2019 ቁጥሩ 60 ደረሰ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ኳሱን ከሚቀበሉት መካከል ጃማር ቼዝና ጀስቲን ጄፈርሰንም በ2018 እዚያው ነበሩ። ዋና አሰልጣኙ ኤድ ኦርዠሮን አልተለወጡም። የመጣው አዲስ ሰው ገና 30 ዓመት ያልሞላቸው ረዳት አሰልጣኝ ጆ ብሬዲ ሲሆኑ፣ ተቀባዮችን በሜዳው ስፋት በትኖ ኳርተርባኩ በፍጥነት እንዲወስን የሚያስችል አጨዋወት ይዘው ነው የመጡት። ቡድኑ 15 ጨዋታ ተጫውቶ 15ቱንም በማሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። ቡሮ በልምድም ጎልምሶ ነበር ቢባል አልከራከርም፤ ሆኖም የተጫዋች ብስለት ብቻውን እንዲህ ያለ ዝላይ ያመጣል ብዬ አላምንም። በቀጣዩ ዓመት ብሬዲ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ሄዱ፣ ቡሮና ብዙ ጓደኞቹም ሄዱ፤ ያው ዋና አሰልጣኝ የመራው ቡድን 5 አሸንፎ 5 ተሸነፈ።

በአንድ ቅጽበት ውሳኔ የሚጠፋ ጨዋታም አለ። ጥቅምት 2023 ማያሚ ጆርጂያ ቴክን 20 ለ 17 እየመራ፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲቀር፣ ኳርተርባኩ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሰዓቱን ቢያስጨርስ ጨዋታው ያበቃ ነበር፤ ጆርጂያ ቴክ ሰዓቱን ለማስቆም የሚጠራው የእረፍት ጊዜ አልቀረውም። የአሰልጣኝ ማሪዮ ክሪስቶባል ቡድን ግን ኳስ ይዞ መሮጥን መረጠ፤ ኳሷ ከእጅ አመለጠች፣ ማያሚም 23 ለ 20 ተሸነፈ። ይህን ለማወቅ አሰልጣኝ መሆን አያስፈልግም፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያሉ ምሽቶች ብዙ ይወራላቸዋል እንጂ ብዙ አይደሉም፤ የአብዛኛው ጨዋታ ዕጣ የሚወሰነው ማንም በማያየው የማክሰኞ ልምምድ ነው።

አሁን ተጫዋቾች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀላሉ ስለሚዘዋወሩ የአሰልጣኙንና የተሰጥኦውን ድርሻ መመዘኑ ከብዷል። ኢንዲያና በ2023 በ3 ድልና በ9 ሽንፈት ከጨረሰ በኋላ፣ ከርት ሲግኔቲ መጥተው በ2024 በ11 ድልና በ2 ሽንፈት አጠናቀቀ። ነገር ግን ሲግኔቲ ከቀድሞ ቡድናቸው ከጄምስ ማዲሰን ከአሥር በላይ ተጫዋቾችን አስከትለው ነው የመጡት፤ እነዚያን ልጆች ያሠለጠኗቸውም ራሳቸው ነበሩ። ከዚህ የተነሣ የውድድር ዘመን ሊጀመር ሲል የምልመላውን ደረጃ ከማየቴ በፊት የትኞቹ ረዳት አሰልጣኞች እንደሄዱና በቦታቸው ማን እንደተተካ አያለሁ።